የሚሮጥ ሰው ላይ መተኮስ፦ አንድ የሰሜን ሸዋ ጉዳይ

ፖሊስ መቼ ነው መተኮስ የሚችለው? ይህ ጥያቄ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ወዲያው ሰልፍና ግጭት፣ ሲብስም ጦርነት ነው የሚታየው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ጥይት ነው። የተተኮሰችው በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በአንድ የገጠር ቀበሌ፣ ለቅሶ ላይ ነው። ሬዲዮ አላወራላትም። ጉዳዩን የማውቀው የተጎዳው ሰው ቤተሰብ ካሳ ለመጠየቅ ሲነሳ ጥብቅና ስለቆምኩለት ነው። የሰዎቹን ስም፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ትቻለሁ። ሁለቱም ወገኖች እዚያው አገር ነው የሚኖሩት፤ ገበያም ላይ ይገናኛሉ።

የሆነው እንዲህ ነው። አዲሱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ከወጣ ዓመት ያህል ቆይቷል። በአካባቢው የተከበሩ አንድ አዛውንት አረፉ። አባታቸው አርበኛ ነበሩ። ቀብሩ ላይ ከየአቅጣጫው ሰው ጎረፈ። አስለቃሾቹ የሟችን ያባት ያያት ሙያ እያነሱ ያወርዱታል፤ ወንዶቹ ይፎክራሉ። ከሟቹ የወንድም ልጆች አንዱ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ገበሬ፣ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ ተኮሰ። ባለጉዳዬ እሱ ነው።

እዚያ ሁለት ፖሊሶችና አንድ የቀበሌ ሚሊሻ ነበሩ። ወረዳው ሠርግና ለቅሶ ላይ መተኮስ ክልክል መሆኑን በየእድሩ ካስነገረ ሰንብቷል። ክልከላው ደግሞ ልክ ነው። ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ተመልሶ መውረዱ አይቀርም፤ ማን ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቅ የለም። ፖሊሶቹ ለቅሶው መሀል ገብተው አልያዙትም። ቀብሩ እስኪያልቅ ታገሱ። ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መውጣት ሲጀምር አንደኛው ፖሊስ፣ ገና ወጣት ኮንስታብል፣ ጠጋ ብሎ «መሣሪያውን አስረክበኝና ጣቢያ እንሂድ» አለው። ባለጉዳዬ ትንሽ ተከራከረ። ከዚያ ዞር ብሎ ሮጠ። ክላሹ ትከሻው ላይ እንደተንጠለጠለ ካቡን ዘሎ ወደ ገብሱ ማሳ ወረደ። ሳጅኑ ከኋላ «አያምልጥ!» ብሎ ጮኸ። ኮንስታብሉ «ቁም!» አለ። አንድ ጥይት ወደ ላይ ተኮሰ። ሁለተኛው ጥይት የገበሬውን ቀኝ ጭን መታው።

መጀመሪያ የደረሰለት ራሱ የተኮሰው ኮንስታብል ነው። የክላሹን ማንገቻ ፈትቶ ከቁስሉ በላይ ጥብቅ አድርጎ አሰረለት። ሚሊሻው ጋቢውን ሰጠ። ጎረምሶቹ ከባሕር ዛፍ አጣና ቃሬዛ ሠርተው እስከ መኪና መንገድ ተሸከሙት፤ ከዚያ አንድ አይሱዙ ወሰደው። ያ ማንገቻ ባይታሰር ኖሮ ሆስፒታል በሕይወት አይደርስም ነበር ሲል ሐኪሙ በኋላ ለቤተሰቡ ነግሯቸዋል። ይህን የምጽፈው ነገሩን ለማለዘብ አይደለም። ከኮንስታብሉ ጋር የከረረ ክርክር ውስጥ ገብቻለሁ፤ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ልጅ የሚሮጥ ሰው ላይ ቃታ የሳበበትን ምክንያት ማወቅ ደግሞ እሱን ከመውቀስ የበለጠ ይጠቅማል።

ባለጉዳዬን ለምን እንደሮጠ ጠይቄዋለሁ። «ጠመንጃውን ሊወስዱት መሆኑ ገባኝ። የአባቴ ነው» አለኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ለከተማ ሰው ይህ ቂልነት ሊመስለው ይችላል። በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ፣ በመርሐቤቴ ያደገ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። ክላሽ እዚያ የጥንድ በሬ ዋጋ ያለው ንብረት ነው። ከንብረትም አልፎ ያባት ስም ነው። ሸዋ ከጠመንጃ ጋር ያለው ነገር የቆየ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሆነው ከእንግሊዝም ከፈረንሳይም መልእክተኞች ጠመንጃ የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በጣሊያን ወረራ አምስት ዓመታት ደግሞ ይህ አገር በዱር በገደሉ ያደረው በጠመንጃው ነው። የሸዋን አርበኞች የመሩት ራስ አበበ አረጋይ ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ መኮንን እንደነበሩ ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በዚህ አገር ባለ ጠመንጃ ገበሬና ፖሊስ ሁልጊዜ ባላንጣ አልነበሩም።

አሁን ወደ ሕጉ። የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራል መንግሥቱ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(21) ላይ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ የዋለው በ1987 ነው። ራሱን የቻለው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የወጣው ግን በ2012 ነው። መሀል ላይ 25 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ሥራው ሲሠራ የቆየው በየቦታው በሚሰጥ ወረቀትና በወንጀል ሕጉ ሁለት አንቀጾች ነው፤ አንዱ ስለ ሕገወጥ የመሣሪያ ንግድ የሚያወራው 481፣ ሌላው በደንብ መተላለፍ፣ ማለትም በቀላል ጥፋቶች፣ ክፍል ያለው 808። ገበሬው ቀበሌ ሄዶ የመሣሪያውን ቁጥር ያስጽፋል፣ ማኅተም ያስመታል፣ በቃ ሕጋዊ ሆንኩ ብሎ ይኖራል።

የባለጉዳዬ ወረቀት እጄ ላይ ነበር። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ሐምራዊው ማኅተም ደብዝዟል። የመሣሪያው ቁጥር ግን በግልጽ ይነበባል፤ የባለ መሣሪያው ስም የሟች አባቱ ነው። ወደ ልጁ አልዞረም። አዲሱ አዋጅ የመቆጣጠሩን ሥልጣን ለፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ሰጥቷል፤ ኮሚሽኑ ለክልል ፖሊስ በውክልና ማስተላለፍ ይችላል። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ላሉ ሰዎችም የመሣሪያ ምዝገባ የሽግግር ጊዜ አስቀምጧል። ያንን ግን ለዚያ ቀበሌ ሰው ቁጭ ብሎ ያስረዳው አልነበረም። የደረሰው ወሬ «መሣሪያ ሊገፈፍ ነው» የሚል ብቻ ነው። ምዝገባ እንደ ገፈፋ በሚወራበት አገር ፖሊስ «አስረክብ» ሲል ሰው ቢሮጥ ምን ይገርማል?

ስለ ተኩሱ መጀመሪያ የተጻፈው የፖሊስ ሪፖርት አጭር ነው። ተጠርጣሪው ሕገወጥ መሣሪያ ይዞ ሲተኩስ ተገኘ፤ ሲያዝ አመለጠ፤ ተደጋጋሚ የማስጠንቀቂያ ተኩስ ቢደረግም አልቆመም፤ መሣሪያውን ወደ ፖሊስ ሲያዞር እግሩን ተመታ። እንዲህ ያለ ሪፖርት ብዙ አንብቤያለሁ። አረፍተ ነገሮቹ ከመዝገብ መዝገብ አይለያዩም።

ይህን ሪፖርት ያናጉት ሁለት ተራ ወረቀቶች ናቸው። አንዱ የጣቢያው የመሣሪያና ጥይት መረከቢያ መዝገብ ነው። ኮንስታብሉ ጠዋት 30 ጥይት ፈርሞ ወስዷል፤ ማታ 28 መልሷል። ሁለት ጥይት ነው የጎደለው። አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ጭን ላይ። «ተደጋጋሚ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ወደቀ። ሌላው የሕክምና ማስረጃው ነው። የጥይቱ መግቢያ ከኋላ፣ መውጫው ከፊት፣ የጭን አጥንት ተሰብሯል ይላል። መሣሪያ አዙሮ የሚያነጣጥር ሰው ጭኑን ከኋላ አይመታም። ለነገሩ የሚሮጥ ሰው ግማሽ ወገቡን አዙሮ ሊያይ ይችላል፤ ይህን እቀበላለሁ። ሆኖም ካቡ አጠገብ የነበሩት ምስክሮች ሁሉ፣ ሚሊሻው ጭምር፣ ክላሹ ከትከሻው አልወረደም ብለዋል። ሚሊሻው ይህን መመስከሩ ቀላል ነገር አይደለም። ነገም ከነዚያው ፖሊሶች ጋር ነው የሚሠራው።

ስለዚህ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78፣ ማለትም ሕጋዊ መከላከል፣ አይሠራም። ያ አንቀጽ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ጥቃት ይፈልጋል። ጀርባውን ሰጥቶ በሚሮጥ ሰው ዘንድ ጥቃት የለም።

ኮንስታብሉ ሌላም መከራከሪያ ነበረው፦ «ሊያመልጠኝ ነበር፤ ሕግ ማስከበር ሥራዬ ነው።» ይህኛው በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 56 አያያዝን ሲደነግግ፣ ሰውየው አልያዝም ብሎ ከታገለ ወይም ሊያመልጥ ከሞከረ ያዡ ከሁኔታው ጋር የተመጣጠነ ኃይል እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ክርክሩ ሁሉ ያለው «የተመጣጠነ» የሚለው ላይ ነው። ከምን ጋር ነው የሚመጣጠነው? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ ያጸደቃቸው የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መርሆዎች መልሱን ግልጽ አድርገውታል። ሰው ላይ መተኮስ የሚፈቀደው የሞት ወይም የከባድ አካል ጉዳት አደጋ ሲቃረብ ነው። የሚያመልጥ ሰው ላይ መተኮስም የሚቻለው ሰውየው ራሱ እንዲህ ያለ አደጋ ከሆነና ቀለል ያለው መንገድ ሁሉ ካልበቃ ብቻ ነው። መርሆዎቹ እንደ ስምምነት አስገዳጅ አይደሉም። የእኛው ሕገ መንግሥት ግን በሕይወት የመኖርን መብት አንቀጽ 15 ላይ፣ የአካል ደህንነትን አንቀጽ 16 ላይ አስፍሯል። አንቀጽ 56ን ስናነብ እነዚህን ዘለን ማንበብ አንችልም።

እስቲ ሚዛኑ ላይ እናስቀምጠው። ባለጉዳዬ ያጠፋው ጥፋት ለቅሶ ላይ መተኮስ ነው። ማንንም አላስፈራራም፣ አላቆሰለም። ዐቃቤ ሕግ በመጨረሻ የከሰሰው በደንብ መተላለፍ ነው። ለደንብ መተላለፍ የወንጀል ሕጉ በመርህ ያስቀመጠው ከፍተኛው እስር ሦስት ወር ነው። እሱ ግን አልታሰረም፤ ሁለት መቶ ብር ተቀጣ። በዚያች ቅጽበት ኮንስታብሉ በየትኛው አንቀጽ እንደሚከሰስ ሊያውቅ አይችልም፤ ከበድ ያለ ወንጀል ጠርጥሮ ሊሆን ይችላል። ይሁን። በጥርጣሬው ልክ ቢሆን እንኳ ወደ ሰማይ የተኮሰ ሰው ሞት አይፈረድበትም። ፍርድ ቤት ሁለት መቶ ብር ለቀጣበት ጥፋት ፖሊስ አጥንቱን ሰበረው።

«ሞት» ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። ኮንስታብሉ በፍርድ ቤትም በሽምግልናም ደጋግሞ ያነሳው ነገር «እግሩን ነው ያነጣጠርኩት» የሚል ነበር። ሰሚውም ሁሉ ይህን እንደ ቸርነት ያይለታል። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ጭን ውስጥ ትልቁ የደም ሥር አለ፤ እሱ ከተበጠሰ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ደግሞ የሚሮጥ ሰው፣ ቁልቁለት ላይ፣ ልብህ እየመታ፣ እግርን ለይቶ መምታት እድል እንጂ ችሎታ አይደለም። ትንሽ ከፍ ቢል ወገቡን ነበር። ከፊት ለፊት ደግሞ ከቀብር የሚመለሱ ሰዎች በማሳው ግርጌ ባለው መንገድ ላይ ነበሩ። እግር ላይ መተኮስም ሰው ላይ መተኮስ ነው፤ ለሁለቱም ሕጉ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ከዐቃቤ ሕጉ ጋር የማልስማማበት ነገር አለ። ኮንስታብሉን የከሰሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559(2)፣ በቸልተኝነት አካል ማጉደል ነው። ፍርድ ቤቱም በዚያው ጥፋተኛ ብሎ፣ ሽምግልናውንና መልካም ጠባዩን በማቅለያነት ይዞ፣ እስራቱን ገደበለት። ለኮንስታብሉ እስር ቤት አለመግባቱ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ «ቸልተኝነት» የሚለው ነው። እግሩን አነጣጥሬ መታሁ ያለ ሰው በቸልተኝነት አልመታም። አስቦ ነው የመታው። ስለዚህ መንገዱ ሌላ ነበር። ወይ ተኩሱ በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ያኔ በአንቀጽ 68 ነጻ ይወጣል። ወይ አልተፈቀደም ነበር፤ ያኔ በአንቀጽ 555 ታስቦ የተፈጸመ ከባድ የአካል ጉዳት ይሆንና፣ ዕድሜው፣ የአለቃው ጩኸት፣ ድንጋጤው ቅጣቱን ለማቅለል ይታያሉ። ቸልተኝነት ሲባል ግን ዋናው ጥያቄ ሳይነካ ታለፈ። ፖሊስ የሚሸሽ ሰው ላይ መተኮስ ይችላል ወይስ አይችልም? ውሳኔው ስድስት ገጽ ነው። መልሱ አንዱም ገጽ ላይ የለም። ነገ ሌላ ካብ ሥር የሚቆመው ሌላ ኮንስታብል ከዚህ ውሳኔ የሚማረው «ተጠንቅቄ ልተኩስ» የሚለውን ነው።

ሳጅኑ ደግሞ አልተከሰሰም። «አያምልጥ!» ማለት ተኩስ ማለት አይደለም ተባለ። በቃሉ ካየነው አይደለም። ግን እስቲ ያንን ወጣት እናስበው። አለቃው ከኋላው ይጮኻል። መቶ ሰው ያየዋል። እጁ ላይ ያለው ክላሽ ብቻ ነው፤ ካቴና የለ፣ አስለቃሽ ጭስ የለ። ሥልጠናው ላይ የተኮሰው የቆመ ዒላማ ላይ ነው። ስለ ማምለጥና ስለ ተመጣጣኝ ኃይል የተነገረው ነገር ካለ ከአንድ ሰዓት ትምህርት አያልፍም፤ ይህን ራሱ ነው ችሎት ላይ የተናገረው። እነዚያው የሃቫና መርሆዎች ፖሊስ ከመሣሪያ በፊት የሚጠቀምባቸው ሌሎች መንገዶች እንዲኖሩት መንግሥት ማስታጠቅ አለበት ይላሉ። አንድ መሣሪያ ብቻ ሰጥተህ የላክኸው ሰው ያንኑ ነው የሚጠቀመው።

አሁንም የሚከነክነኝ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 25 ነው። መርማሪ ፖሊስ የጠረጠረውን ሰው በጽሑፍ መጥሪያ ይጠራዋል ይላል። ካልመጣ በሚቀጥለው አንቀጽ መሠረት ይያዛል። ይህ ሰው ወዴት ነው የሚያመልጠው? ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ይታያል። ሚስቱንና ልጆቹን ሊቀመንበሩ በስም ያውቃቸዋል። የእድሩ ዳኛ አጎቱ ናቸው። የገብስ ማሳው እሱ የሮጠበት ማሳ ነው! ማታ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። በማግስቱ ሚሊሻው መጥሪያ ቢያደርስለት፣ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ክላሹን ይዞ ጣቢያ ይመጣ ነበር። ሚሊሻው ራሱ ይህንኑ ብሎኛል። ትልቅ ከተማ ውስጥ የሮጠ ሰው ሊጠፋ ይችላል። በሰሜን ሸዋ ገጠር ሰው ሮጦ አይጠፋም። ተመጣጣኝ ኃይል ስንል ይህንንም ማስላት አለብን። ሰውየው ዛሬ ካልተያዘ ምን ይጎድላል?

ሽምግልናው ቶሎ ነው የተጀመረው። የኮንስታብሉ አባት ከአጎራባች ወረዳ፣ ከንስሐ አባታቸውና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር፣ ድንጋይ ተሸክመው መጡ። የተጎጂው እናት «እኔም ልጅ አለኝ፤ ያንተም ልጄ ነው» ብለው ድንጋዩን አወረዱላቸው። ኮንስታብሉ ለሕክምና ከደመወዙ እየቆረጠ ለመክፈል ተስማማ፤ ከፈለም። ሁለቱ ቤተሰቦች ዛሬ ሰላምታ አላቸው። ቂም በጥይት የሚወራረስበት አገር ውስጥ የዚህን ዋጋ ማንም አያሳንሰው።

የዕርቅ ወረቀቱ ግን አንድ መስመር ነበረበት፦ «ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ በማንም ላይ ክስ አናቀርብም።» የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ የካሳ ክሱ ሲመጣበት መጀመሪያ የያዘው ይህንን መስመር ነው። እኛ የተከራከርነው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 እና 2127 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ፣ በቅን ልቦና፣ ለሥራው ይጠቅማል ብሎ ያደረሰው ጥፋት የሥራ ጥፋት ነው። ተጎጂው ካሳውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል። መንግሥት ደግሞ የከፈለውን ከሠራተኛው መልሶ መጠየቅ ይችላል። ኮንስታብሉ ሥራ ላይ ነበር፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ ነበር፣ አለቃው አጠገቡ ነበር። ከዚህ በላይ የሥራ ጥፋት የት ይገኛል?

ጊዜው ግን ሊያመልጠን ነበር። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት አንቀጽ 2143 ያስቀመጠው የመክሰሻ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ጥፋቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜ ገደቡ፣ ሲረዝም ይህም የሚረዝምበት አግባብ አለ፤ በዚያ ላይ ተማምኖ መቀመጥ ግን አደገኛ ነው። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፈው በሕክምናና በዕርቅ ነው። ክሱ የገባው ሁለቱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

ፍርድ ቤቱ ዕርቁ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል የተደረገ እንጂ ጽሕፈት ቤቱን ነጻ የሚያወጣ አይደለም አለ። ጥፋቱንም የሥራ ጥፋት አለው። ጽሕፈት ቤቱ ኮንስታብሉ ያልሸፈነውን የሕክምና ወጪና ሰውየው ማረስ ባለመቻሉ የቀረበትን ገቢ ከፊሉን እንዲከፍል ተወሰነ። ባለጉዳዬ ዛሬ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ያሳርሳል፤ ቁልቁለት ላይ በዱላ ነው የሚሄደው። ካሳው በሁለት የበጀት ዓመት ተከፋፍሎ ተከፈለው። ጽሕፈት ቤቱ ገንዘቡን ከኮንስታብሉ አልጠየቀም። ክላሹ በኤግዚቢትነት ተይዞ ቀርቷል፤ ይመለስልኝ የሚለው ማመልከቻ፣ ከዚያ የተጣጠፈ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ጋር፣ ገብቷል።